ታጣፊ ብስክሌት፣ ባቡርና የቬትናም ባሕር ዳርቻ፦ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

ባለ 20 ኢንች ጎማ ታጣፊ ብስክሌት ከገዛሁ ወራት አልፈዋል። ከተማ ውስጥ በየቀኑ እነዳዋለሁ። በደንብ የፈተነው ግን ለብቻዬ ያደረግኩት የቬትናም ጉዞ ነው። ከሁዌ ተነስቼ በባሕሩ ዳር ወደ ደቡብ እስከ ፋን ቲየት ወረድኩ፤ ገሚሱን በፔዳል፣ ገሚሱን በባቡር። አስተያየቴን ከወዲሁ ልንገራችሁ። አስፋልት ላይ ከትልቅ ጎማ ብስክሌት ያንሳል። ባቡር ጣቢያ ላይ ግን የሚወዳደረው የለም። ለእንዲህ ዓይነት ጉዞ ደግሞ የሚበልጠው የጣቢያው ጉዳይ ነው።

አካሉ አሉሚኒየም ነው፣ ክብደቱ 12 ኪሎ ገደማ። ስምንት ማርሽ አለው። ፍሬኑ ቸርኬውን ከግራና ከቀኝ የሚይዝ ተራ ፍሬን ነው።

የቬትናም ዋና ባቡር ከሃኖይ እስከ ሳይጎን 1,726 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ፈረንሳዮች የሠሩት መስመር ነው፤ ሙሉ በሙሉ የተገናኘው እ.ኤ.አ. በ1936 ነው። የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር ብቻ ነው፣ ልክ እንደ ድሮው የጅቡቲ ባቡራችን። ስለዚህ ፉርጎው ጠባብ ነው፣ መተላለፊያውም እንደዚያው። ያልታጠፈ ብስክሌት እንደ ጭነት ተቆጥሮ በእቃ ፉርጎ ይሄዳል፤ አንዳንዴም በሌላ ባቡር። እናንተ ዛሬ ደርሳችሁ ብስክሌታችሁ ነገ ሊመጣ ይችላል ማለት ነው። ታጥፎ ከረጢት ውስጥ የገባ ግን ሻንጣ ነው። ለተሳፋሪ የሚፈቀደው 20 ኪሎ ስለሆነ ክብደቱም አያሳስብም።

አስተጣጠፉ ቀላል ነው። መቀመጫውን እስከ ታች ትሰዳላችሁ። የመሪውን መቆለፊያ ስትፈቱ መሪው ወደ ጎን ይጋደማል። ከዚያ የመሀሉን ማጠፊያ ከፍታችሁ የፊቱን ጎማ ከኋላው ጋር ታገጣጥማላችሁ። እጅ ከለመደ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ላብ የሚያመጣው ከዚያ ቀጥሎ ያለው ነው። የአብዛኞቹ ጣቢያዎች መሳፈሪያ ከመሬት እምብዛም ከፍ አይልም፣ የፉርጎው ደረጃ ደግሞ ቀጥ ያለ ነው። በአንድ እጃችሁ መያዣውን ጨብጣችሁ በሌላው ብስክሌቱን ወደ ላይ ትጎትታላችሁ፤ ከኋላችሁ ሰው ይጠብቃል። በዚህ ሰዓት ነው ሁለቱን ጎማዎች አጣብቆ የሚይዘው ማግኔት ድክመቱ የሚታየው። ትንሽ ሲነካ ይለቃል፣ ብስክሌቱም መሀል ደረጃ ላይ ይከፈታል። መፍትሔው ርካሽ ነው፦ ከአሮጌ የውስጥ ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ። ጥፍር አድርጎ ይይዘዋል፣ እስከ ዛሬም እሱኑ እጠቀማለሁ።

ፉርጎ ውስጥ ከመጨረሻው የወንበር ረድፍ ጀርባ ያለው ክፍተት ምርጥ ቦታ ነው። አራት አልጋ ባለው መኝታ ክፍል ግን ይጠብባል። ከአልጋ ስር አይገባም፤ ከሰው ጋር ተነጋግሮ ቦታ ማመቻቸት ያስፈልጋል። እኔ ለአጭር መንገድ ወንበር፣ ለረጅም መንገድ የሌሊት መኝታ እመርጣለሁ።

ታጣፊነቱ የሚክሳችሁ ስትወርዱ ነው። ለኩዊ ኞን ዋናው ጣቢያ ዲዩ ቺ ነው፣ ከከተማው 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ለፋን ቲየትም ትልልቆቹ ባቡሮች የሚቆሙት ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። ሌላው ተጓዥ ታክሲ ሲከራከር እናንተ ብስክሌቱን ዘርግታችሁ በሩዝ ማሳ መሀል ትነዳላችሁ።

ወደ አስፋልቱ እንምጣ። ከላንግ ኮ ወደ ዳ ናንግ የሚወስደው የሃይ ቫን ዳገት ከፍታው 496 ሜትር ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ከስሩ ከ6 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ዋሻ ተከፍቷል፣ ብስክሌት ግን አያስገባም። ለብስክሌተኛ ይህ በረከት ነው። አብዛኛው ከባድ መኪና ወደ ዋሻው ስለገባ፣ ላይኛው መንገድ ለሞተር፣ ለነዳጅ ቦቴና ለእኛ ቀርቷል። ብስክሌቱ ከፋብሪካ የመጣበት የፊት ማርሽ 52 ጥርስ ነበር። ለሜዳ ከተማ ይበቃል፤ ሻንጣ ጭኖ ለሚወጣ ግን ጉልበት ይሰብራል። ከጉዞው በፊት በ44 ጥርስ አስቀየርኩት። ሌላ ምንም ባትቀይሩ ይህን ቀይሩ። በቀስታ፣ ሳልወርድ፣ እስከ ላይ ድረስ ፔዳል መታሁ። ከታች በኩል ባቡሩ ገደሉን ተጠግቶ በባሕሩ አፍ ላይ ሲጠማዘዝ ይታያል። ይህን ቦታ በባቡርም ልታዩት ይገባል፤ ወደ ደቡብ ስትሄዱ በግራ በኩል ተቀመጡ።

ቁልቁለቱ ላይ ትንሽ ጎማ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቸርኬው ትንሽ ስለሆነ ፍሬን ሲያዝ ቶሎ ይግላል። ሁለት ሦስት ጊዜ ቆም ብዬ እያበረድኩ ወረድኩ። ጉድጓድም ለ20 ኢንች ጎማ ጠላት ነው። ትልቅ ጎማ ዘሎ የሚያልፈውን ይህ ይገባበታል፣ መሪውም እጅ ላይ ይንቀጠቀጣል። ዋናው አገር አቋራጭ መንገድ ዳር ላይ አሸዋና ስባሪ ነገር ስለማይጠፋ፣ እንደዚያ ያለውን ክፍል በባቡር መዝለል ይሻላል። ከኩዊ ኞን ወደ ሶንግ ካው የሚወስደው የባሕር ዳር መንገድ ግን በፍጹም አይዘለልም። ዳገትና ቁልቁለቱ አጫጭር ነው፣ ከታች ሎብስተር የሚያረቡባቸው ተንሳፋፊ ቤቶች ተደርድረዋል።

ጎማ ቢፈነዳስ ለምትሉ፣ ቬትናም የሞተር አገር ናት። ጎሚስታ በየመንደሩ አለ። ብስክሌቴ የመኪና ዓይነት ቫልቭ ስላለው በየትኛውም ኮምፕረሰር ይነፋል፤ 20 ኢንች የውስጥ ጎማም የልጆች ብስክሌት ስለሚጠቀምበት አይጠፋም። ከመግዛታችሁ በፊት ቫልቩን እዩት።

ትልቁ ፈተና ጨው ነው። ከና ትራንግ በታች ያለው የፋን ራንግ አካባቢ የቬትናም ደረቁ ምድር ነው። ፍየልና በግ ታያላችሁ፣ ቁጥቋጦው እሾሃም ነው፣ የአፋርን መንገድ ለሚያውቅ ባዳ አይደለም። ካ ና ላይ ከመንገዱ ዳር የጨው ማምረቻ ገንዳዎች ተዘርግተዋል። ነፋሱ የሚያመጣው እርጥበት ራሱ ጨው ነው። አሉሚኒየሙ አይዝግም፣ ብሎኖቹና ሰንሰለቱ ግን ይዝጋሉ። የመሀሉ ማጠፊያ ውስጥ፣ ሁለቱ ብረቶች በሚሳሳሙበት ፊት ላይ፣ ነጭ ዱቄት መሰል ነገር ተጋግሮ አገኘሁ። ከዚያ ወዲያ ዳገት ላይ ቆሜ ስነዳ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረ። ማታ ማታ በንጹህ ውኃ አጥቤ፣ በጨርቅ አድርቄ፣ ማጠፊያው ላይ ስስ ግሪስ መቀባት ልማድ አደረግኩ። መቆለፊያው ላይ ያለችውን ማስተካከያ ብሎን በጥቂቱ ማጥበቅ ደግሞ ድምፁን አጠፋው። የመቆለፊያው እጀታ ሲዘጋ መዳፍን ጫን የሚያደርግ ካልሆነ ልል ነው። ይህን በየጠዋቱ ሳላይ አልነሳም። ሰው የሚሸከም ማጠፊያ በቸልታ አይታይም።

ስለ ወቅትና ሰዓት በአጭሩ፦ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ነፋሱ ከሰሜን ምሥራቅ ስለሚነፍስ ወደ ደቡብ መንዳት ያዋጣል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መካከለኛውን ጠረፍ ዝናብ ይመታዋል። ንጋት ላይ ተነሱ። ቀትር ላይ መንገድ ዳር አልጋ የሚሆን መረብ የሰቀሉ ቡና ቤቶች አሉ። አንድ ብርጭቆ ቡና አዝዛችሁ መተኛት ነውር አይደለም። ቡናቸው ሮቡስታ ነው፣ ይመራል፤ ከወተቱ ጋር በበረዶ ሲሆን ግን ወድጄዋለሁ።

ዛሬ ላይ የብስክሌቱ ሁኔታ እንዲህ ነው። ሰንሰለቱንና የፍሬን ላስቲኮቹን ቀይሬያለሁ። የኋላው ጎማ መሀሉ ጠፍጣፋ ሆኗል፣ በቅርቡ ይቀየራል። ራጂ አልተሰበረም፣ ቸርኬው አልተጣመመም። ማጠፊያው ከጠበቀ ወዲህ ድምፅ የለውም። አብሮት የመጣው ከረጢት ግን ስስ ነው፣ ፔዳሉ በስቶታል። ወፈር ካለ ሸራ ሌላ አሰፍቻለሁ፤ ስትገዙ የከረጢቱንም ወጪ አብራችሁ አስቡ።