ሦስት ስሙኒ ለአንድ ሰው፦ ዘጠኝ ወር ከካፕኮም አርኬድ ስታዲየም ጋር

የወንድሜ ልጅ ከሶፋው ወርዶ ምንጣፉ ላይ ስሙኒ ይፈልጋል። ቴሌቪዥኑ ላይ የቪዲዮ ጨዋታው ጀግና ሃጋር ተጠፍሮ ታስሯል፤ ከፊቱ የዲናሚት ክር እየነደደ ነው፤ ቁጥሩም ወደ ዜሮ ይወርዳል። ሳንቲም ካልገባ ይፈነዳል። «ጋሼ፣ ጠብቅ፣ አገኘሁ!» ይላል ልጁ። ስሙኒዋ ሲኒው ውስጥ ቃ ስትል እኔ አዝራሩን እጫናለሁ፤ ሃጋር ይፈታል፤ ድብድቡ ካቆመበት ይቀጥላል።

ማጫወቻው ስሙኒ አይጠይቅም። ሕጉን ያወጣነው እኛው ነን፤ ለምን እንዳወጣነው ቆየት ብዬ እነግራችኋለሁ።

ደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ ካለ ሱቅ ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 4 የገዛሁት በክረምት መግቢያ ላይ ነው። ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ሰፈሩን ሲሸፍን ከቤት መውጣት ያስጠላል፤ ከአሥር ዓመት ልጅ ጋር ደግሞ ሙሉ ቀን ዝም ብሎ መቀመጥ አይቻልም። እሱ የሚፈልገው እግር ኳስ ነበር። እኔ የፈለግሁት በልጅነቴ ጌም ቤት ውስጥ ተራ ጠብቄ የተጫወትኳቸውን ድብድቦች ነው። ያኔ ሳንቲም የሚበላውን ትልቁን ማሽን በዓይኔ አይቼው አላውቅም፤ የእኛ ጌም ቤት አንድ ቴሌቪዥን፣ ሁለት ጆይስቲክና አንድ ረጅም አግዳሚ ነበረው። ከጎኑ ጆተኒ ነበር። ተሸናፊ ይነሳል፤ አሸናፊ ይቀመጣል።

ካፕኮም አርኬድ ስታዲየም፣ ካፕኮም የተባለው ጨዋታ ሠሪ ኩባንያ በ2021 ያወጣው ስብስብ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከ1984 እስከ 2001 ለሳንቲም ማሽን የተሠሩ 32 ጨዋታዎችን ይዟል። ዋናው ማውጫ በነጻ ይወርዳል፤ 1943 የተባለው የአውሮፕላን ጨዋታም በነጻ አብሮት ይመጣል። የቀሩት እያንዳንዳቸው አሥር አሥር ጨዋታ በያዙ ሦስት ጥቅሎች ተከፋፍለው በ15 ዶላር ገደማ ይሸጣሉ፤ ጎስትስ ኤንድ ጎብሊንስ ብቻውን ሁለት ዶላር ነው። እኔ መጀመሪያ ሁለተኛውን ጥቅል፣ ከዚያ አንደኛውን ገዛሁ። ለማንም የምመክረው ይህንኑ ነው፤ ፋይናል ፋይት፣ ስትሪት ፋይተር ሁለት፣ ስትራይደርና ካፕቴን ኮማንዶ ያሉት ሁለተኛው ውስጥ ነው።

ክፍያው ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። እዚህ ሆኖ በራስ ካርድ መግዛት ስለማይመች ጂዳ ያለችው እህቴ የስጦታ ካርድ ኮድ ገዝታ በስልክ ላከችልኝ። ኮዱ አልሠራም። ሻጩ የሌላ አገር ኮድ ሰጥቷት ኖሯል፤ የእኔ አካውንት ደግሞ የተከፈተው በሳዑዲ ነው። ኮዱና አካውንቱ የአንድ አገር ካልሆኑ ገንዘቡ አይገባም። ሁለተኛውን ኮድ ልካ እስኪገባ ሦስት ቀን ፈጀ፤ እናቴ በየቀኑ «አብሽር ልጄ፣ ይገባል» ትለኝ ነበር፤ ምን እንደሚገባ ግን አታውቅም። ሌላም ነገር አለ፦ ማጫወቻውን በአካውንታችሁ ላይ ዋና ማጫወቻ አድርጋችሁ መዝግቡት። ያለዚያ ኢንተርኔት በጠፋ ቀን የገዛችሁት ጨዋታ አልከፍትም ይላችኋል።

አሁን ወደ ስሙኒው።

ፋይናል ፋይት በ1989 የወጣ ነው። ሃጋር የሜትሮ ሲቲ ከንቲባ ሲሆን የታገተች ልጁን ለማስለቀቅ ሸሚዙን አውልቆ መንገድ ለመንገድ ይደባደባል። («ከንቲባው ራሱ ነው የሚወጣው?» አለች እናቴ፣ ቡናውን እየቀዳች። ራሱ ነው አልኳት። ወደደችው።) ስድስት ሰፈር አለው። በመጀመሪያው ምሽት እኔና ልጁ ስድስቱንም ጨረስናቸው። እንዴት? በሞትን ቁጥር አዝራር እየተጫንን። ሳንቲሙ አያልቅም፤ ዲናሚቱም አይፈነዳም። መጨረሻው ላይ ልጁ «አለቀ?» ብሎኝ ወደ እግር ኳሱ ተመለሰ። ጨዋታውን ለአንድ ሳምንት ማንም አልከፈተውም።

ጥፋቱ የጨዋታው አልነበረም። እነዚህ ነገሮች የተሠሩት ቡና ቤት ጥግ ወይም የጨዋታ አዳራሽ ውስጥ ቆመው ከሰው ኪስ ሳንቲም እንዲያወጡ ነው። ጠላቱ በድንገት ከኋላ የሚመጣብህ፣ አለቃው ከመሞቱ በፊት የሚያስጨንቅህ ለዚያ ነው። የሳንቲሙን ፍርሃት ስታወጣለት የቀረው እጅ ማወዛወዝ ብቻ ይሆናል።

እናቴ የቆዩ ስሙኒዎችን በስኳር ቆርቆሮ ታስቀምጣለች፤ ዛሬ ምንም አይገዙም። ከዚያ ለእያንዳንዳችን ሦስት ሦስት ቆጠርን። ስሙኒህ ካለቀ ትነሳለህ። በዚያው ምሽት ልጁ ሌላ ሰው ሆነ። በርሜል ሲያይ አይሮጥም፤ ውስጡ ያለው ጥብስ ጉልበት እንደሚመልስ ስላወቀ ጉልበቱ እስኪደክም ይተወዋል። (በጾም ወቅት ሃጋር ዶሮ ሲያነሳ «ጋሼ፣ ጾም ነው እኮ» ብሎኛል።) ጥቃትና ዝላይን አንድ ላይ ሲጫኑ የሚመጣው የሃጋር ሽክርክሪት ዙሪያውን ያጸዳል፤ ግን ጠላት ሲነካ ከራስ ጉልበት ይቀንሳል። ከስሙኒው በፊት በየደቂቃው ይጠቀምበት ነበር፤ አሁን ሲከበብ ብቻ ነው። በዘጠኝ ወር ውስጥ በሦስት ስሙኒ የደረሰበት ሩቅ ቦታ አምስተኛው ሰፈር፣ የባሕር ዳርቻው ነው። እኔ አራተኛውን አላለፍኩም።

ስትሪት ፋይተር ሁለት ግን በመጀመሪያው ወር አበሳጭቶኝ ነበር። ታች፣ ሰያፍ፣ ፊት፣ ቡጢ፤ ይህን በልጅነቴ ዓይኔን ጨፍኜ እሠራው ነበር። አሁን ሪዩ የሚባለው ተደባዳቢ የኃይል ኳሱን የሚወረውረው እኔ ከጨረስኩ በኋላ ቆይቶ ነው፤ አንዳንዴም ጭራሽ አይወረውርም። አረጀሁ ብዬ ተቀበልኩት። ምክንያቱ ቴሌቪዥኑ ነበር። ዘመናዊ ቴሌቪዥን ምስሉን ለማሳመር ሲደክም ያዘገየዋል፤ ጨዋታው ደግሞ በሰከንድ 60 ገደማ ምስል ስለሚያሳይ የ100 ሚሊሰከንድ መዘግየት ስድስት ምስል ይበላል። በምስል ማስተካከያው ውስጥ «ጌም» የሚለውን መረጥኩ፤ ቀለሙ ትንሽ ደበዘዘ፤ ሪዩ ግን ታዘዘ። ስብስቡን ገዝታችሁ ከመናደዳችሁ በፊት ይህን አድርጉ። ለአቅጣጫም ከዱላው ይልቅ አራት ጫፍ ያለውን አዝራር ተጠቀሙ፤ አውራ ጣት ይልጣል፣ ግን አይስትም።

ጎንና ጎኑ ጥቁር ሆኖ የሚቀረውን ስክሪን እንግዳ ሁሉ «ይህ ቴሌቪዥን ተበላሸ?» ይለዋል። ምስሉ የተሠራው ለድሮው አራት በሦስት ስክሪን ስለሆነ ነው። ልጁ አንዴ ለጠጠውና ሃጋር ወፍሮ በርሜል አከለ። መልሰነዋል።

ከአውሮፕላን ጨዋታዎቹ ብዙዎቹ ደግሞ ወደ ላይ የቆሙ ናቸው፤ 1942 በሰፊ ቴሌቪዥን ላይ መሐል ላይ እንደ ቀበቶ ቀጥኖ ይታያል። ስብስቡ ምስሉን ማዞር ስለሚፈቅድ ከቢሮ የተጣለ 24 ኢንች ስክሪን አምጥቼ በጎኑ አቆምኩት፤ መደገፊያው ሁለት ብሎኬት ነው። ሰማዩ በአንድ ጊዜ ተከፈተ። 1942 ከ32 ጀምሮ ወደ ታች የሚቆጥር 32 ደረጃ አለው፤ እኔ 20 ላይ ነኝ፤ ለመቼውም አልቸኩልም።

መብራት ሌላው ተጫዋች ነው። በጨዋታ መካከል ድርግም ሲል የነበርክበት ቦታ አብሮ ይሄዳል፤ ሲመለስ ማጫወቻው በአግባቡ አልጠፋሁም ብሎ ይወቅስህና ራሱን ይፈትሻል። ስብስቡ በየትኛውም ቅጽበት ማስቀመጥ ስለሚያስችል አሁን ልማዳችን ሰፈር በተሻገርን ቁጥር ማስቀመጥ ነው። ይህ ማጭበርበር ነው ወይ ብለን ተከራክረናል። መብራት ከጠፋ ብቻ እንዲከፈት ተስማማን።

ጊዜ ወደ ኋላ የሚመልሰውንም አዝራር በሕግ ከለከልን፤ ለጎስትስ ኤንድ ጎብሊንስ ብቻ ፈቀድን። እዚያ አንድ ጊዜ ስትነካ ጥሩርህ ይረግፍና በውስጥ ሱሪ ትቀራለህ፤ ሁለተኛው ሞት ነው። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ደግሞ እንደ አዲስ ከመጀመሪያው ጀምር ይልሃል። ለዚህ ዓይነቱ ጭካኔ አዝራሩ ይገባዋል።

በአረፋ ዕለት ጎረቤቶቻችን ዘንድ በልተን ስንመለስ ሦስት ልጆቻቸው ሁለት ጆይስቲክ ይዘው ተከተሉን። ካፕቴን ኮማንዶ በአራት ሰው ስለሚሠራ እኔ ተመልካች ሆንኩ። ምርጫው ላይ ብቻ ሩብ ሰዓት ሄደ፤ አራቱም የፈለጉት ሮቦት የሚነዳውን ሕፃን ነው። ጩኸቱን የሰማች እናቴ የስኳር ቆርቆሮውን አምጥታ ስሙኒ በእኩል አደለቻቸው።

ሦስተኛውን ጥቅል እስካሁን አልገዛሁትም። እህቴ ኮድ ልላክ ወይ ብላ ጠይቃለች፤ የእኔ ጆይስቲክ ዱላ ሳይነካ ወደ ግራ መሄድ ስለጀመረ መጀመሪያ ሌላ ጆይስቲክ ላኪ ብያታለሁ።