የተረት ልደት በሳጥን፦ ካርዶቹ ግሩም፣ ፊኛው ይቅር

«ሙሉ የተረት ልደት በአንድ ሳጥን» ይላል ክዳኑ ላይ። የልደት ድግስ ዕቃ የያዘ ሳጥን ነው፣ ለልጄ 4ኛ ዓመት ልደት ገዛሁት። ከ5 ኮከብ 3 ሰጥቼዋለሁ። ሁለቱ ኮከብ የተረት ካርዶቹ ነው፣ አንዱ የካባዎቹ። የቀረው ዕቃ ለፎቶ እንጂ ለልጅ አይደለም። የድርጅቱን ስም አልጠራም። እንዲህ ዓይነት ሳጥን የሚሸጡ ብዙ ናቸው፣ ውስጡም ብዙ አይለያይም፣ ስለዚህ የምለው ነገር የትኛውንም ለመግዛት ለምታስቡ ይሆናል።

ውስጡ ምን አለ? ግድግዳ ላይ የሚሰቀል የጫካ ሥዕል ያለበት ጨርቅ፣ «መልካም ልደት» የሚል በክር የተሰካ ጽሑፍ፣ 8 ቀይ ካባ፣ አንድ የተኩላ ጭንብል፣ ፊኛ፣ ጠረጴዛ ላይ የሚበተን ብልጭልጭ ወረቀት፣ በባትሪ የሚበሩ ትንንሽ ፋኖሶች፣ ትልልቅ የተረት ካርዶች፣ የመጥሪያ ካርድ፣ ለእንግዶች የስጦታ ከረጢት፣ ከዚያ ደግሞ የድግሱን ፕሮግራም የያዘ አንድ ወረቀት። ሲከፈት ዓይን ይሞላል። ያን አልክድም።

የተረት ልደት ማለት ግን ተረት ያለበት ልደት ነው። አብዛኞቹ ሳጥኖች ተረቱን ትተው የተረቱን ሥዕል ነው የሚሸጡላችሁ። ቤተ መንግሥት አለ፣ ዘንዶ አለ፣ ዘውድ አለ። ማን ምን ሆነ? ማን ማንን አዳነ? ዝም። የአራት ዓመት ልጅ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን አንዴ አይቶ «ዋው» ይላል፣ በቃ፣ ከዚያ በኋላ ዞር ብሎም አያየው። ቀልቡን የሚይዘው ቀጥሎ የሚመጣው ነገር ነው። እኔም ይሄኛውን የመረጥኩት ቢያንስ መጀመሪያና መጨረሻ ያለው አንድ ተረት ስለያዘ ነው።

ተረቱ የባለቀይ ቆቧ ልጅና የተኩላው ነው፦ ልጅቷ አያቷን ልትጠይቅ በጫካ ስትሄድ ተኩላው ቀድሟት ይደርስና አያትየዋን መስሎ ይጠብቃታል። በየሳጥኑ ለምን እንደሚደጋገም ካሰባችሁ፣ መልሱ ቀላል ነው፦ ባለቤት የለውም። ፈረንሳዊው ሻርል ፔሮ እ.ኤ.አ. በ1697 አሳትሞታል፣ የጀርመኖቹ ግሪም ወንድማማቾች በ1812 የራሳቸውን አወጡ። የቅጂ መብት የሚባል ነገር ስለማይነካው ማንም ሳይጠይቅ ያትመዋል። የዘመኑ ፊልሞች ገጸ ባሕርያት ያሉባቸው ሳጥኖች ግን ፈቃድ ይፈልጋሉ፣ የፈቃዱም ሒሳብ ዞሮ ዞሮ እናንተ ላይ ነው የሚያርፈው።

ታዲያ ሁለቱ ተረቶች አጨራረሳቸው ለየቅል ነው። በፔሮ ተረት ተኩላው ልጅቷን ይበላታል፣ አለቀ፣ የሚደርስላት የለም። በግሪሞቹ ግን አዳኝ መጥቶ የተኩላውን ሆድ ይቀድና አያትና ልጅን በሕይወት ያወጣቸዋል። የኔ ሳጥን ካርዶች ከዚህም አለሳልሰውታል። ሆድ መቅደድ የለም፣ አያትየዋ ቁም ሳጥን ውስጥ ተደብቃ ትገኛለች፣ ተኩላው እግሬ አውጪኝ ይላል። ልጅ እንዲህ ዓይነት ነገር አይፈራም የሚሉ ወላጆች አሉ፣ ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ግን የምትጋብዙት የሰው ልጅ ነው፣ ማታ አልተኛ ብሎ ቤተሰቡን የሚያሳድረው የትኛው እንደሆነ ቀድማችሁ አታውቁም። ሌላ ሳጥን ከገዛችሁ የመጨረሻውን ካርድ አስቀድማችሁ አንብቡት።

ካርዶቹ ግን! ለእነሱ ብቻ ስል ብዙ ነገር ይቅር ብያለሁ። ፊት ለፊቱ ሥዕል፣ ጀርባው ላይ ጽሑፍ ነው። ሥዕሉን ወደ ልጆቹ ታዞራላችሁ፣ እናንተ ከጀርባ ታነባላችሁ፣ ሲያልቅ ወደ ኋላ ትከቱትና ቀጣዩ ብቅ ይላል። ጃፓኖች ካሚሺባይ ይሉታል፤ በ1930ዎቹ ተራኪዎች በብስክሌት እየዞሩ መንገድ ላይ ልጅ የሚሰበስቡበት ዘዴ ነበር። እና ይሠራል። መጽሐፍ ይዛችሁ ስታነቡ «አላየሁም፣ አሳየኝ» እያለ የሚጋፋው ልጅ ሁሉ እዚህ ጋ ቁጭ ይላል፣ ምክንያቱም ለሁሉም እኩል ይታያል።

ጉድለቱ ጽሑፉ ላይ ነው። ይረዝማል፣ አንዳንዱ ዓረፍተ ነገርም ለአዋቂ የተጻፈ ነው የሚመስለው። እኔ አላነበብኩትም፣ ነገርኳቸው። እናንተም እንዲያ አድርጉ። ከ«ተረት ተረት» እስከ «ተረቴን መልሱ» ድረስ ከ10 ደቂቃ ባይበልጥ ይመረጣል፣ ዋናው ግን በየመሀሉ ሰውነታቸው እንዲንቀሳቀስ ማድረግ ነው። በሩ ሲንኳኳ ሁሉም ወለሉን ያንኳኳል። ልጅቷ ስለ ተኩላው ጆሮና ጥርስ የምትጠይቅበት ቦታ ላይ ጥያቄውን ለእነሱ ትታችሁ እናንተ ተኩላውን ሁኑ፣ ጩኸቱን ብቻ ቻሉት። አበባ የምትለቅምበት ካርድ ላይ ስደርስ ደግሞ ቀድሜ ከወረቀት ቆርጬ ክፍሉ ውስጥ የበተንኩትን አበባ እንዲለቅሙ ለቀቅኳቸው። አንዷ ልጅ የካባዋን ጫፍ ሰብስባ እንደ ቅርጫት ያዘችና ግማሹን አበባ ለብቻዋ አፈሰችው። ሌሎቹ አካፍዪን ሲሏት «የናንተ አይደለም፣ ለአያቴ ነው!» አለች ኮስተር ብላ። ተረቱ ውስጥ ገብታ ነው። ለዚህ ብላችሁ ነው ሳጥኑን የምትገዙት፣ ሌላው ሁሉ ተጨማሪ ነው።

ካባዎቹም ጥሩ ናቸው። ስስ ጨርቅ ነው፣ ስፌቱም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ግን አንገት ላይ የሚያያዙት በቬልክሮ (ሲጫኑት የሚጣበቅ፣ ሲስቡት የሚላቀቅ ማያያዣ) ነው፣ እሱ ወሳኝ ነው። በገመድ የሚታሰር ካባ ለትንሽ ልጅ አትግዙ። ወንበር ላይ ወይም የበር እጀታ ላይ ቢያዝ ቬልክሮው ይላቀቃል፣ ገመዱ ግን አንገት ያንቃል። ሻማ ሲበራ ደግሞ ካባው ይውለቅ። ቶሎ እሳት የሚይዝ ስስ ነገር ነው፣ ልጅ ሻማ ሊያጠፋ ጎንበስ ሲል ደግሞ ካባው አብሮ ነው የሚያጎነብሰው። ሳጥኑ ላይ ይህን የሚል አንድም ማስጠንቀቂያ አላየሁም።

የጫካው ጨርቅ ደህና ነው፣ ፎቶ ላይ ያምራል። ታጥፎ ስለመጣ መስመር መስመር ሠርቷል፣ በተገላቢጦሹ በለስላሳ ሙቀት ሲተኮስ ይስተካከላል። አብሮት የመጣው ፕላስተር ግን ሲነሳ የግድግዳ ቀለም ይዞ ይነሳል። ክር ወጥሩና በልብስ መቆንጠጫ ስቀሉት።

ጭንብሉ ላይ ትንሽ ልቆይ። ለአዋቂ የተሠራ ጠንካራ ፕላስቲክ ነው፣ የዓይኑ ቀዳዳ ጠባብ ነው፣ ውስጡ ያልባል። እሱ ሁሉ ይቻላል። የማይቻለው የፕሮግራሙ ወረቀት ላይ ያለው ምክር ነው፦ «ተኩላው ሳይታሰብ ከበር ይግባ!» ይላል። ኧረ ተው! እ.ኤ.አ. በ1969 የታተመ የታወቀ ጥናት አለ። ተመራማሪዋ ሪታ ዴቭሪስ ለአንድ የለመደ ድመት የውሻ ጭንብል አድርጋ ለልጆች አሳየች። ከሦስት ዓመት ልጆቹ ብዙዎቹ ድመቱ ውሻ ሆነ ብለው አመኑ። የስድስት ዓመቶቹ ግን ያው ድመት እንደሆነ ገብቷቸዋል። እንግዲህ እንዲህ ትንሽ የሆነ ልጅ ተኩላ ሲገባበት የሚያየው ጭንብል ያደረገ አጎቱን አይደለም፣ ተኩላ ነው። ስለዚህ ጭንብሉን እነሱ ፊት አደረግነው። ማድረግ፣ ማውለቅ፣ እንደገና ማድረግ፣ የፈለገ ልጅ በእጁ ይንካው። አንዱ ከንፈሩን ጥሎ ሊያለቅስ ሲል ጭንብሉን አውልቀን እሱው እንዲያጠልቅልን ሰጠነው። ከዚያ በኋላ ማን ይቀማው! ድግሱ እስኪያልቅ ድረስ ተኩላው እሱ ነበር።

አሁን ወደማልወደው ክፍል። ፊኛው ላስቲክ ነው፣ ብዛቱም ለጉድ። ፎቶው ላይ ጣሪያ ሥር ተንሳፍፎ ይታያል። በትንፋሽ ወይም በእጅ ፓምፕ የተነፋ ፊኛ ግን ወለል ላይ ነው የሚንከባለለው፣ እንዲንሳፈፍ ሂሊየም የሚባል ከአየር የሚቀል ጋዝ ያስፈልጋል፣ ሂሊየሙ ደግሞ ሳጥኑ ውስጥ የለም። በሂሊየም የተሞላ መደበኛ የላስቲክ ፊኛም ቢሆን አንድ ቀን ገደማ ቆይቶ ይወርዳል። ከሁሉ የሚከፋው አደጋው ነው። ያልተነፋ ወይም የፈነዳ ፊኛ ቁራጭ ልጅ አፉ ውስጥ ከገባ መተንፈሻውን ይዘጋዋል። ብዙ ማሸጊያ ላይ ከ8 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ብሎ የሚያስጠነቅቀው ለዚህ ነው። እኔ ከነጭራሹ አላወጣሁትም። የቀረብኝም የለም።

ፋኖሶቹ ሲበሩ ያምራሉ፣ ግን ገልብጣችሁ እዩአቸው። የሚሠሩት በሰዓት ባትሪ ነው። ልጅ እንዲህ ዓይነቱን ክብ ባትሪ ቢውጠውና ጉሮሮው ውስጥ ቢቀር በ2 ሰዓት ውስጥ ከባድ ቃጠሎ ሊያደርስበት ይችላል። የባትሪው ክዳን በብሎን የታሰረ ከሆነ ከፍ ያለ ቦታ ላይ አስቀምጣችሁ ተጠቀሙ። የኔዎቹ ክዳን በጥፍር ይከፈታል። ወደ መጣያ ሄዱ፣ ባትሪው ለብቻው ተነጥሎ። ለዚህ ብቻ አንድ ኮከብ ቀንሻለሁ።

የስጦታ ከረጢቱ ያው እንደምታውቁት ነው። ፉጨት፣ ቀለበት፣ ብይ የሚያካክል ኳስ። ታናናሽ ወንድምና እህት ይዘው የሚመጡ እንግዶች ካሉ አንድ ቀላል መለኪያ አለ፦ በሽንት ቤት ወረቀት ካርቶን ውስጥ ሾልኮ የሚያልፍ ነገር ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም። ከኔ ከረጢት ውስጥ በካርቶኑ የማይሾልክ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ብልጭልጩ ወረቀት? እሱን ከጠረጴዛው ላይ አንሱት። ምንጣፍ ውስጥ ገብቶ የት እንደሚያድር እግዜር ይወቀው።

በከረጢቱ ፈንታ ልጆቹ የራሳቸውን መጽሐፍ ሠርተው ሄዱ። ይህ ሳጥኑ ውስጥ የለም፣ ሊኖር ግን ይገባ ነበር። አንድ ኤ 4 ወረቀትና መቀስ ብቻ ነው የሚፈልገው። ወረቀቱን እያጠፋችሁ 8 እኩል ቦታ ክፈሉት። ዘርጉትና አጭሩ ጎን ከአጭሩ ጎን እንዲገጥም ለሁለት እጠፉት። ከታጠፈው ጠርዝ ጀምራችሁ በመሀለኛው መስመር ላይ እስከሚቀጥለው መታጠፊያ ድረስ ብቻ ቁረጡ። አሁን ዘርጉትና በርዝመቱ እጠፉት፣ ሁለቱን ጫፎች ወደ መሀል ግፉ፣ የተቆረጠው ቦታ አፉን ይከፍታል፣ ከዚያ ጠቅልላችሁ ስታስተኙት 8 ገጽ ያላት ደብተር ትሆናለች። ሙጫ የለም፣ ስፌት የለም። አንዷ ገጽ 74 በ105 ሚሊ ሜትር ነች፣ ለትንሽ እጅ ልክ። እውነተኛው የሥዕል መጽሐፍም አብዛኛውን ጊዜ 32 ገጽ የሚሆነው ከዚሁ የተነሳ ነው፤ ትልቁ የማተሚያ ወረቀት ሲታጠፍ በ8 እና በ16 ነው የሚሄደው። ደብተሮቹን ቀድማችሁ አጥፋችሁ አዘጋጁ፣ መቀሱ በእናንተ እጅ ይቆይ፣ ለልጆቹ ቀለም ብቻ ስጧቸው። ሥዕላቸውን ማየት ነው! አንዱ ተኩላ በሁሉም ገጽ ላይ ተኝቷል። ለምን ሲባል ደክሞታል።

የፕሮግራሙ ወረቀት ድግሱ 3 ሰዓት ይቆይ ይላል። ለአራት ዓመት ልጅ? አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃል፣ ቢበዛ ሁለት። ወረቀቱ ኬኩን አስቀድሞ ተረቱን መጨረሻ ላይ ነው ያደረገው፣ ይህንን ገልብጡት። ኬክ ከተቆረሰ በኋላ ማንም አይቀመጥላችሁም። መጀመሪያ እንደመጡ ደብተሩን ይሳሉ፣ ዘግይቶ የሚመጣውም በዚያ ይያዛል፣ ከዚያ ተረቱ፣ ከዚያ ሩጫ፣ መጨረሻ ላይ ሻማና ኬክ፣ በዚያው ሽኝት። እንግዳ ደግሞ በዛ ያለ እንደሆነ ካርዶቹ ከሩቅ አይታዩም። ካባውም ያው 8 ነው፤ ዘጠነኛ ልጅ ከመጣ ለቅሶ አለ።

ድጋሚ ሙሉውን አልገዛም። ካርዶቹንና ካባዎቹን ለብቻ የሚሸጥ ካለ ግን ዓይኔን አላሽም። ልጃችሁ 3 ዓመት ካልሞላው ይቆያችሁ፣ ተረቱንም አይከታተልም፣ ዕቃውም ለእሱ አይሆንም። ሰባት ዓመት ለሞላው ደግሞ ሕፃንነት ይሆንበታል። ከገዛችሁ ካባዎቹን ከነጭ ልብስ ጋር እንዳታጥቧቸው፣ ቀለም ይለቃሉ።