ሁለተኛው መስኮት፦ በመታወቂያ ሰነዶች ላይ የጾታ መለያን የማስተካከል አገልግሎት ሲመዘን

ትራንስጀንደር ሰዎች፣ ማለትም ሲወለዱ ከተመዘገበላቸው ጾታ የተለየ ጾታ ያላቸው ሰዎች፣ በሰነዶቻቸው ላይ የሰፈረውን የጾታ መለያ በሕግ እንዲያስተካክሉ የሚሰጠውን አገልግሎት ለመመዘን የተነሣሁት፣ ታናሽ ወንድሜን ይዤ ከአንዱ መዝገብ ቤት ወደ ሌላው ከአሥር ወራት በላይ ከተመላለስሁ በኋላ ነው። ወንድሜ ሲወለድ ሴት ተብሎ የተመዘገበ ቢሆንም፣ ዐዋቂ ከሆነ ጊዜ ጀምሮ የሚኖረውም የሚታወቀውም በወንድነቱ ነው። ጉዳዩ የተያዘበት ሕግ ባለጉዳዩ በፊርማው በሚሰጠው መግለጫ ብቻ መለያው እንዲስተካከል ስለሚፈቅድ፣ የሐኪም ማስረጃም ሆነ የፍርድ ቤት ውሳኔ አልተጠየቀም። በወረቀት ላይ ከሚገኙት አሠራሮች መካከል ይህ ከተሻሉት አንዱ ነው።

የመጀመሪያውን መስኮት ያለ ምንም ቅሬታ አመሰግነዋለሁ። የመዝገብ ሹሟ በቅድሚያ የጠየቀችው “በየትኛው ስም ልጥራዎት?” የሚለውን ነበር፤ ከዚያም መግለጫው በሕግ ምን እንደሚያስከትል አንድ በአንድ አስረድታ፣ ፊርማውን ተቀብላ፣ የታረመውን የልደት ምስክር ወረቀት በዚያው ቀን አስረከበችን። ጠቅላላው ሥነ ሥርዓት ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ወንድሜ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንብቦ በጥንቃቄ አጥፎ ከደረት ኪሱ ሲያስገባው ሳይ፣ ጉዳያችን ተፈጽሟል ብዬ አምኜ ነበር።

አገልግሎቱ በእውነት የሚፈተነው ግን በሁለተኛው መስኮት እንደሆነ በሳምንቱ ተረዳሁ። በሌላ ቢሮ የቀረበው የታረመ ምስክር ወረቀትና በኮምፒውተር ውስጥ ያለው የቆየ ፋይል አልተገጣጠሙም፤ ሠራተኛውም በቅንነት “ወንድሜ፣ ይህ ፋይል የእኅትዎ ሳይሆን አይቀርም፤ የራስዎን ማስረጃ ይዘው ይምጡ” አለው። ወንድሜ ለዚህ መልስ ለመስጠት፣ ከኋላው የተሰለፉት ባለጉዳዮች ሁሉ በሚሰሙት ድምፅ የሕይወቱን ታሪክ መናገር ነበረበት። ማስተካከያው የተፈለገው ይህን ከመሰለው ግዴታ ነፃ ለመሆን እንደሆነ ልብ ይሏል። ከዚያ በኋላ በባንክ፣ በጤና መድንና በመንጃ ፈቃድ ጽሕፈት ቤት ያው ነገር ተደገመ። አንድ ሰው በግማሽ የታረሙ ሰነዶች ይዞ የሚጓዝበት ጊዜ ምንም ካልታረመበት ጊዜ ይልቅ የከበደ ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱም ቀድሞ ሰነዶቹ ከሰውየው መልክ ጋር ብቻ ይጋጩ የነበሩት፣ አሁን እርስ በርሳቸውም ይጋጫሉና፣ የሚጋጭ ሰነድ ደግሞ የሐሰት ሰነድ ጥርጣሬን ይጋብዛል።

የችግሩ ሥር ሰነዶች አንዱ ከሌላው የሚወለዱ መሆናቸው ነው። የልደት ምዝገባው መታወቂያን፣ መታወቂያው ፓስፖርትን፣ ፓስፖርቱ ቪዛን፣ እነዚህ ሁሉ ተሰብስበው የባንክ ሒሳብን፣ የጡረታ መለያንና የሥራ ውልን ይወልዳሉ። እናቱ ስትታረም ልጆቹ በራሳቸው አይታረሙም። ስለዚህ የዚህን አገልግሎት ጥራት ለመለካት መጠየቅ የሚገባው፣ መለያውን መለወጥ ምን ያህል ቀላል ነው የሚለው ብቻ ሳይሆን፣ ለውጡን ወደ ሌሎቹ መዛግብት የማድረስ ኃላፊነት በማን ትከሻ ላይ ወደቀ የሚለው ነው።

በዚህ መለኪያ እስከ ዛሬ ካነበብኋቸው ሕጎች ሁሉ የአርጀንቲናው ይልቅብኛል። እ.ኤ.አ. በሜይ 2012 የወጣው ቁጥር 26,743 ሕግ ባለጉዳዩ ያለ ጠበቃና ያለ ክፍያ ለክብር መዝገብ ጽሕፈት ቤት እንዲያመለክት ይፈቅዳል፤ አዲስ የልደት ምስክር ወረቀትና አዲስ መታወቂያ ሲሰጥም፣ በሁለቱም ላይ ይህን ሕግ የሚጠቅስ ቃል እንዳይሰፍር ይከለክላል። ዋናውን የልደት መዝገብ ማየት የሚችለው ባለቤቱ የፈቀደለት ወይም ምክንያቱ ተገልጾ በጽሑፍ የወጣ የዳኛ ትእዛዝ የያዘ ብቻ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ የመታወቂያ ቁጥሩ ሳይለወጥ ይቀጥላል፣ የመራጮችን መዝገብና የወንጀል ሪከርድን ለመሳሰሉት አካላት ለውጡን የሚያሳውቀውም መንግሥት ራሱ ነው። ባለጉዳዩ ከመስኮት መስኮት ዞሮ የራሱ መልእክተኛ እንዲሆን አይገደድም።

ቁጥሩን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በዴንማርክና በስዊድን የግል መለያ ቁጥሩ ራሱ ጾታን በውስጡ ይዟል፤ በዴንማርክ የመጨረሻው አኃዝ፣ በስዊድን ከመጨረሻው በፊት ያለው አኃዝ ጎደሎ ከሆነ ወንድን፣ ሙሉ ከሆነ ሴትን ያመለክታል። ስለዚህ መለያው ሲስተካከል ቁጥሩም መለወጥ አለበት፤ ሰውየው በሆስፒታል፣ በትምህርት ቤትና በባንክ የሚታወቅበት ክር በአንድ ቀን ተበጥሶ እንደ አዲስ መቋጠር አለበት ማለት ነው። በአንጻሩ ቁጥሩ ሳይለወጥ ምስጢሩ ካልተጠበቀም ጉዳት አለ። የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2002 ለትራንስጀንደሯ ለክርስቲን ጉድዊን በብሪታንያ ላይ ሲፈርድ፣ ከቀረቡለት አቤቱታዎች አንዱ አሠሪዎች በማኅበራዊ ዋስትና ቁጥሯ አማካይነት የቀድሞ ማንነቷን ሊያውቁ መቻላቸው ነበር። አንድ ቁጥር ጾታን ሊናገር የሚገባው ለምን እንደሆነ እስከ አሁን አጥጋቢ ምክንያት አላገኘሁም፤ ሰውን ከሰው ለመለየት አንድ የማይደገም ቁጥር ይበቃልና።

ብሪታንያ ከዚያ ፍርድ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣችው ሕግ ሌላ ዓይነት ጉድለት አለው። የልደት ምስክር ወረቀትን ለማሳረም በሕጉ ዋና መንገድ የሐኪም ምርመራ ውጤት፣ እንዲመዘገብ በሚጠየቀው ጾታ ሁለት ዓመት የመኖር ማስረጃና ጉዳዩን የሚመረምር ጉባኤ ያስፈልጋሉ። በአንጻሩ ፓስፖርትን ለማሳረም የሐኪም ደብዳቤ ብቻ በቂ ሆኖ ቆይቷል። በዚህም የተነሣ በአንድ ሰው እጅ ሁለት የማይስማሙ የመንግሥት ሰነዶች ለዓመታት ይቀመጣሉ። ለሕጉ የምሰጠው ምስጋና ግን አለኝ፤ በሥራው አጋጣሚ ይህን መረጃ ያወቀ ሰው አሳልፎ ቢናገር ወንጀል ያደርገዋል።

ስለ ቅድመ ሁኔታዎች ረጅም ነገር ማለት አያስፈልገኝም። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1972 በዚህ ረገድ ሕግ ስታወጣ የመጀመሪያዋ አገር ብትሆንም፣ አመልካቹ መውለድ እንዳይችል መደረጉን እስከ 2013 ትጠይቅ ነበር። የአውሮፓ ፍርድ ቤት በ2017 ፈረንሳይን በሚመለከት ጉዳይ፣ የጃፓን ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በኦክቶበር 2023 እንዲህ ያለውን ግዴታ ሽረዋል። ወረቀት ለማሳረም አካል እንዲቆረጥ መጠየቅን አገልግሎት ብዬ ለመጥራት አልችልም።

የጥበቃ ጊዜን በተመለከተ ሐሳቤ ለዘብ ይላል። ዴንማርክ በ2014 የስድስት ወር ማሰላሰያ አስቀመጠች፤ የጀርመን ሕግ ደግሞ ከኖቬምበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ፣ ባለጉዳዩ መግለጫውን ከመስጠቱ ከሦስት ወር በፊት ሐሳቡን እንዲያስመዘግብ ያዝዛል። ለዓመታት ያሰላሰለን ሰው እንደገና አሰላስል ማለት ቢከብደኝም፣ መቼ እንደሚያልቅ የሚታወቅ ቀጠሮ መጨረሻው ከማይታወቅ የፍርድ ቤት ቀጠሮ እጅግ ይሻላል። የጀርመኑን ሕግ ይበልጥ የወደድሁት የትምህርት ማስረጃና የሥራ ውል የመሳሰሉት በአዲሱ መለያ እንደገና እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት በግልጽ ስላሰፈረ ነው፤ ብዙዎቹ ሕጎች የሚረሱት ይህን ነው።

ፓስፖርት ለብቻው መታየት አለበት። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት መስፈርት የጾታ መስክን ግዴታ ያደርጋል፤ የሚገባበት ፊደል ኤም (ወንድ)፣ ኤፍ (ሴት) ወይም ኤክስ (ያልተገለጸ) ነው፤ ኤክስ በማሽን በሚነበበው መስመር ላይ በመሙያ ምልክት ይተካል። መስፈርቱ እንዲህ ሰፊ ቢሆንም ምርጫው የሚከፈተውም የሚዘጋውም በየአገሩ ውሳኔ ነው። በዩናይትድ ስቴትስ በኤፕሪል 2022 ለአመልካቾች ሁሉ የተከፈተው ኤክስ በጃንዋሪ 2025 ቆሟል፤ ሀንጋሪም በ2020 መለያን ማስተካከልን ከነጭራሹ ከልክላለች። ስለዚህ አገልግሎቱ የቆመው በሕግ ነው ወይስ በመመሪያ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ በመመሪያ የተሰጠ በደብዳቤ ይነሣልና።

ይህን መንገድ ለሚጀምሩ ከልምዳችን የምመክረው፣ በመጀመሪያው መስኮት ሳሉ ስም፣ ጾታና ቁጥር የቀድሞውና የአሁኑ የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚያረጋግጥ ማኅተም ያለው ደብዳቤ በብዙ ቅጂ እንዲጠይቁ ነው። እኛ አንድ ቅጂ ይዘን ወጥተን፣ አንዱ ቢሮ ዋናውን ካላስቀራችሁ ብሎ ስለያዘው ሌላ ለማውጣት አምስት ሳምንት ጠብቀናል። ከልደት ምስክር ወረቀቱ ቀጥሎ መታወቂያው፣ ከዚያ ፓስፖርቱ፣ ከዚያ ባንኩ ቢሆን ግጭቱ ይቀንሳል። በቆየው ፓስፖርት ላይ ያልተቃጠለ ቪዛ ካለ፣ ወይም የተቆረጠ የአውሮፕላን ትኬት ካለ፣ ጉዞው እስኪጠናቀቅ ፓስፖርቱን አለመንካት ይሻላል። ጉዳዩን በመስኮት ላይ ከመናገር ይልቅ ጽፎ በወረቀት ማቀበልም ይቻላል፤ ወንድሜ ከሦስተኛው ቢሮ በኋላ ያደረገው እንዲሁ ነበር፣ ፊቱም ከዚያ ወዲህ በወረፋ ላይ ሲያርፍ አይቻለሁ።

በእኛ በኩል እስከ ዛሬ መታወቂያው፣ ፓስፖርቱ፣ የባንክ ሒሳቡና መንጃ ፈቃዱ ተስተካክለዋል። የጤና መድኑ ባለፈው ወር ደርሶታል። የትምህርት ማስረጃው ግን እስከ አሁን በቀድሞው ስም ነው፤ ማመልከቻው ከገባ አራተኛ ወሩን ይዟል።