ቅርቡን የሚያሳይ ባይኖኩላር፦ ፔንታክስ ፓፒሊዮ 2

ፎል ሊያልቅ ሲል ቢራቢሮ ለማየት እወጣለሁ ስል ሰው ይገርመዋል። «አሁን ምን ቀርቶ?» ይሉኛል። ለእኔ ግን ጊዜው አሁን ነው። ቢራቢሮ ፀሐይ ካልሞቀች ክንፏ አይታዘዛትም። ኦገስት ላይ ገና ስጠጋት እብስ የምትለው፣ ኖቬምበር ላይ አጥር ላይ ረግታ ፀሐይ ስትሞቅ አገኛታለሁ።

የተቸገርኩት በመሣሪያው ነበር። የድሮው ባይኖኩላሬ ለወፍ ነው የሚሆነው፤ ከሦስት ሜትር ወዲህ ያለው ሁሉ ይደበዝዝበታል። ቢራቢሮዋን ለማየት ወደ ኋላ መሸሽ ነበረብኝ።

ፓፒሊዮ እስከ ግማሽ ሜትር ድረስ አጥርቶ ያሳያል። ስሙ ራሱ በላቲን ቢራቢሮ ማለት ነው። ወደ ቅርብ ሲስተካከል ፊት ያሉት ሁለት ሌንሶች እርስ በርስ ይጠጋጋሉ፤ ስለዚህ ነገሩ ሁለት ሆኖ አይታይም። ክብደቱ 300 ግራም አይሞላም። ግማሽ ቀን አንጠልጥዬው አንገቴን አላመመኝም።

ባለፈው ፎል እናቴን ይዤ ሜሪላንድ ውስጥ ዊተን፣ ብሩክሳይድ ጋርደንስ ሄድን። ከሲልቨር ስፕሪንግ ቅርብ ነው፤ አትክልት ቦታው መግቢያ አይከፈልበትም። ጠዋቱ ይበርድ ነበር። አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ፀሐይ ወጣ ስትል የእንጨት አጥር ላይ አንዲት ነገር አየሁና ባይኖኩላሩን ለእናቴ ሰጠኋት።

«ቅጠል ነው እኮ ልጄ» አለች። ትንሽ ዝም ብላ ቆየች። «ኧረ እግር አለው!»

የታጠፈው ክንፍ እውነትም የደረቀ ቅጠል ነው የሚመስለው፤ ጠርዙ የተቀዳደደ፣ መልኩ ቡኒ። መሐሉ ላይ ግን አንዲት ነጭ ቆልማማ ምልክት አለች፣ ልክ በእስክሪብቶ የተጻፈች የፈረንጅ ኮማ። የቢራቢሮዋም ስም በእንግሊዝኛ ኮማ ነው። እንደ ሞናርክ ቢራቢሮ ሜክሲኮ ድረስ አትሄድም፤ የብርዱን ወራት እዚሁ ዛፍ ቅርፊት ሥር ተሸጉጣ ታሳልፋለች። ከዚያ ክንፏን ዘረጋች። ውስጡ ደማቅ ብርቱካናማ! እናቴ ባይኖኩላሩን አልመልስ አለችኝ።

የፊት ሌንሱ ስፋት 21 ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ ለምሽት አይሆንም። ውሃ እንዳይገባው ሆኖም አልተሠራም፤ በዝናብ አታውጡት። ሩቅ ላለ ወፍም አልመክረውም።

8.5 እጥፍ የሚያጎላም አለ። እኔ ግን 6.5ቱን ነው የምላችሁ፤ ብዙ ባጎላ ቁጥር የእጅ መንቀጥቀጥም አብሮ ይጎላል። የእናቴ እጅ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ያቺን ኮማ ግን አጥርታ አይታታለች።