የጃቫ ኢንፑትስትሪም ግምገማ፦ ከጠየቁት ባይት አሳንሶ ሊሰጥ የሚችል ክላስ

ከጃቫ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ መደበኛ ላይብረሪ ክላሶች (ዝግጁ የኮድ ክፍሎች) መካከል፣ ባይቶችን ከምንጫቸው በተራ የሚያነበውን የኢንፑትስትሪምን (InputStream) ያህል በየቦታው የሚሠራበት፣ የአጠቃቀም ሰነዱም የዚያኑ ያህል ሳይነበብ የሚታለፍ ያለ አይመስለኝም። ሳን ማይክሮሲስተምስ የመጀመሪያውን የጃቫ ስሪት እ.ኤ.አ. በ1996 ሲያወጣ አብሮ የመጣ ክላስ ሲሆን፣ ኩባንያውን በ2010 የጠቀለለው ኦራክልም ስሙንና ዋና ሜተዱን (በስም የሚጠራ ተግባሩን) ሳይቀይር እስከ ዛሬ ይዞታል። ፋይል ሲከፈት፣ ከሰርቨር መልስ ሲመጣ፣ የታመቀ ፋይል ሲፈታ ባይቱ የሚያልፈው አብዛኛውን ጊዜ በእሱ በኩል ነው። ፍርዴን አስቀድሜ ለመናገር ያህል፣ ኢንፑትስትሪም ንድፉ ጠንካራ የሆነ፣ ዕድሜውንም በሚገባ የተሸከመ መሣሪያ ነው፤ ትልቁ ጉድለቱ ተጠቃሚው ከሁሉ በላይ ሊያውቀው የሚገባውን አንድ ውል በዝምታ የሚያልፍ መሆኑ ነው።

በጎውን ላስቀድም። ኢንፑትስትሪም አብስትራክት ክላስ፣ ማለትም ንዑስ ክላሶች የሚያሟሉት ክላስ ነው፤ ንዑስ ክላስ የሚጽፍ ሰው ግዴታ ሆኖበት የሚሞላው አንድ ባይት የሚያነበውን «ሪድ» ሜተድ ብቻ ሲሆን፣ የቀረውን ወላጁ ክላስ በዚያ በአንዱ ላይ ተመሥርቶ ይሠራዋል። ከዚህ የተነሣ ባይቱ ከዲስክ ይምጣ፣ ከኔትወርክ ሶኬት (የግንኙነት ጫፍ) ይምጣ ወይም ቀድሞ ሜሞሪ ውስጥ ከተቀመጠ አሬይ (የዋጋዎች ድርድር) ይምጣ፣ የሚያነበው ኮድ አያውቅም፣ ማወቅም አይጠበቅበትም። የክፍያ መዝገብ የሚያነብ ሜተድ የጻፈ ሰው ሥራውን ለመፈተሽ እውነተኛ ፋይልም ሆነ ሰርቨር አያሻውም፤ ጥቂት ባይቶችን በባይትአሬይኢንፑትስትሪም አድርጎ ያቀብለዋል። ፖሊሞርፊዝም (የተለያዩ ክላሶችን በአንድ ዓይነት ጥሪ መጠቀም) ለምን እንደሚጠቅም ለተማሪ ለማሳየት፣ በየመማሪያው ከሚደጋገሙት የእንስሳትና የድምፃቸው ምሳሌዎች ይልቅ ይህ እጅግ የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ተማሪው ነገ ሥራ ላይ የሚያገኘው ነገር ነውና።

አንዱን ስትሪም በሌላው መጠቅለል መቻሉም ከዚሁ ንድፍ የሚመነጭ ብርታት ነው። ፋይልኢንፑትስትሪምን በበፈርድኢንፑትስትሪም፣ እሱን ደግሞ በጂዚፕኢንፑትስትሪም የጠቀለለ ሰው፣ የታመቀው ፋይል እየተነበበ በዚያው ልክ ሲፈታ ያያል፤ እያንዳንዱ ክላስ የራሱን ሥራ ብቻ ይሠራል። ከነዚህ መጠቅለያዎች በዕለት ሥራ ላይ የሚበልጠው በፈርድኢንፑትስትሪም ነው። ያለ እሱ ከፋይል አንድ አንድ ባይት ማንበብ ማለት ለእያንዳንዱ ባይት ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን መጥራት ማለት ነው፤ እንስራ እያለ ከምንጭ በስኒ እየቀዱ እንደ መመላለስ ነው። በፈርድኢንፑትስትሪም ሌላ መጠን ካልተሰጠው 8192 ባይት የሚይዝ በፈር (ጊዜያዊ የሜሞሪ ማቆያ) ያዘጋጅና በአንድ ጥሪ ሊያገኝ የቻለውን ያህል ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ የሚጠየቀውን ከሜሞሪ ይሰጣል። ይሁን እንጂ ፕሮግራመሩ ራሱ ትልቅ አሬይ ይዞ በሺዎች የሚቆጠር ባይት በአንድ ጊዜ የሚያነብ ከሆነ መጠቅለሉ የሚጨምርለት ፍጥነት እምብዛም ነው፤ የተጠየቀው መጠን ከበፈሩ ካላነሰ ክላሱ ራሱ በፈሩን ትቶ በቀጥታ ከሥሩ ካለው ስትሪም ያነባልና።

አሁን ወደ ንባቡ እንግባ። ነጠላ ባይት የሚያነበው «ሪድ» የሚመልሰው ባይት ሳይሆን ኢንት (ከባይት የሰፋ ሙሉ ቁጥር) ነው፤ ይህም ብዙ ጀማሪዎችን ግራ ያጋባል። ምክንያቱ ግን ትክክለኛ ነው። አንድ ባይት 256 ዓይነት ዋጋ ሊይዝ ይችላል፣ «ስትሪሙ አልቋል» የሚለውን ለመናገር ደግሞ ከነዚህ ሁሉ የተለየ አንድ ምልክት ያስፈልጋል። ስለዚህ ሜተዱ ከ0 እስከ 255 ያለ ቁጥር ወይም የማብቂያ ምልክት የሆነውን -1 ይመልሳል። ችግሩ የጃቫ ባይት ራሱ ከ-128 እስከ 127 የሚቆጥር መሆኑ ነው። የግዕዙ «ሀ» በዩቲኤፍ 8 (ፊደልን ወደ ባይት በመለወጫ ሥርዓት) ሲጻፍ 225፣ 136፣ 128 የሚሉ ሦስት ባይቶች ሲሆን፣ በባይት አሬይ ውስጥ ገብቶ ሲታተም ግን -31፣ -120፣ -128 ሆኖ ይወጣል። ከዚህ የሚብሰው፣ የተነበበውን ኢንት መጀመሪያ ወደ ባይት ቀይሮ ከዚያ ከ-1 ጋር የሚያነጻጽር ሉፕ (ተደጋግሞ የሚሠራ ኮድ) ነው፤ 255 ወደ ባይት ሲቀየር -1 ስለሚሆን ሉፑ መረጃው ሳያልቅ አለቀ ብሎ ይቆማል። በዩቲኤፍ 8 በትክክል በተጻፈ ጽሑፍ ውስጥ 255 ፈጽሞ ስለማይገኝ በጽሑፍ ፋይል የሚደረግ ፍተሻ ሁሉ ያልፋል፤ የጄፔግ ፎቶ ግን የሚጀምረው በ255 ነውና ሉፑ ገና በመጀመሪያው ባይት ላይ ይቆማል፣ የተቀዳው ፎቶም ባዶ ፋይል ይሆናል። ማነጻጸሩን በኢንቱ ላይ መፈጸም፣ ወደ ባይት መቀየሩን ከዚያ በኋላ ማድረግ የማይታለፍ ሥርዓት ነው።

የግምገማዬ እምብርት የሆነው ጉዳይ ግን አሬይ ተቀብሎ የሚሞላው «ሪድ» ነው። ይህ ሜተድ ውሉ እንዲህ ነው፦ ቢያንስ አንድ ባይት እስኪያገኝ ይጠብቃል፣ ከዚያ በኋላ እስከ አሬዩ ርዝመት ድረስ ያገኘውን ያህል ሰጥቶ ስንት እንደ ሰጠ በቁጥር ይመልሳል። አሬዩን ሙሉ በሙሉ እሞላለሁ ብሎ ቃል አልገባም። ሆኖም ስሙም አቀራረቡም «ይህን ሙላልኝ» ያሉት ያስመስለዋል፤ የተመለሰውን ቁጥር ችላ ያለውን ሰው ደግሞ ኮምፓይለሩ (ኮዱን የሚተረጉመው ፕሮግራም) አንድም ነገር አይለውም። በዲስክ ላይ ያለ ትንሽ ፋይል ብዙውን ጊዜ በአንድ ጥሪ ስለሚሞላ ስሕተቱ በፕሮግራመሩ ኮምፒውተር ላይ ተደብቆ ይቆያል። በሶኬት ላይ ነገሩ ሌላ ነው። የኔትወርክ ማስተላለፊያ ደንብ የሆነው ቲሲፒ የባይቶችን ቅደም ተከተል እንጂ ላኪው በስንት በስንት ከፋፍሎ እንደ ጻፋቸው አይጠብቅም፤ በተለመደው ኢተርኔት አንድ ፓኬት የሚሸከመው የቲሲፒ መረጃ 1460 ባይት ገደማ ነው፤ ስለዚህ 8192 ባይት የጠየቀ አንባቢ 1460 ወይም ከዚያም ያነሰ ቢሰጠው ውሉ ተፈጸመ እንጂ አልፈረሰም። ግንኙነቱ በዘገየና በተቆራረጠ ቁጥር እንዲህ ያለው ከፊል ንባብ ይበዛል፤ በሞባይል ዳታ የሚገለገሉ ደንበኞች ያሉት ሰው ይህን እንደ አልፎ አልፎ አደጋ ሳይሆን እንደ መደበኛ ሁኔታ ቢቆጥረው ይሻላል።

ጉዳቱን በቁጥር ማየት ይቻላል። 10,000 ባይት የሆነ ፋይል በ8192 ባይት አሬይ እየተነበበ ወደ ሌላ ፋይል ይቀዳል እንበል። የመጀመሪያው ንባብ 8192 ባይት፣ ሁለተኛው 1808 ባይት ይሰጣል። ፕሮግራሙ የተመለሰውን ቁጥር ትቶ ሁለቱንም ጊዜ አሬዩን በሙሉ ከጻፈው፣ ቅጂው 16,384 ባይት ሆኖ ይወጣል፤ መጨረሻ ላይ ያሉት 6384 ባይቶች ከመጀመሪያው ንባብ በአሬዩ ውስጥ የቀሩ አሮጌ ባይቶች ናቸው። ኤክሴፕሽን (የስሕተት ማስታወቂያ) አይነሣም፣ ፕሮግራሙም ሥራውን በሰላም እንደ ጨረሰ ይዘጋል። ለእኔ ይህ ከማንኛውም የሚጮኽ ስሕተት የከፋ ነው፤ የተበላሸው ፋይል የሚታወቀው ምናልባት ከብዙ ጊዜ በኋላ ሌላ ሰው ሊከፍተው ሲሞክር ነውና። «አቬይለብል» የሚባለው ሜተድም የፋይሉን ጠቅላላ መጠን የሚናገር እየመሰላቸው በእሱ ልክ አሬይ የሚያዘጋጁ አሉ፤ እሱ የሚናገረው ሳይጠብቁ ሊነበብ ይችላል ተብሎ የሚገመተውን መጠን ብቻ ነውና ለዚህ ሥራ አይሆንም።

በአማርኛ ለምንጽፍ ሰዎች ከፊል ንባብ ተጨማሪ መዘዝ አለው። ለዓለም ፊደላት ቁጥር በሚሰጠው፣ በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ቦታ ያገኙት የኢትዮጵያ ፊደላት በዩቲኤፍ 8 እያንዳንዳቸው 3 ባይት ይወስዳሉ፤ «ሰላም» ሦስት ፊደል ሲሆን 9 ባይት ነው። ያለ ክፍት ቦታ በተከታታይ የተጻፈ የግዕዝ ፊደል በ8192 ባይት አሬይ ውስጥ ቢገባ 2730 ፊደላት 8190 ባይት ይይዛሉ፣ የሚቀጥለው ፊደል ሁለት ባይቱ በዚህኛው አሬይ፣ ሦስተኛው ባይት በሚቀጥለው ንባብ ይሆናል። እያንዳንዱን ንባብ ለየብቻ ወደ ስትሪንግ የሚቀይር ኮድ በዚያ ድንበር ላይ ያለችውን ፊደል ይሰብራታል፤ በቦታዋ በጥቁር አልማዝ ውስጥ ያለ የጥያቄ ምልክት ይቀመጣል። በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቻ የተፈተሸ ፕሮግራም ይህን ጉድለት ፈጽሞ አያሳይም፤ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ስለሆነ የሚሰበር ነገር የለውም። በረጅም የአማርኛ ጽሑፍ መሐል እዚህና እዚያ አንዳንድ ፊደል ብቻ ተበላሽቶ ያየ ሰው ፎንቱን ከመውቀሱ በፊት ይህን ቢመረምር እመክራለሁ።

መፍትሔው ላይብረሪው ውስጥ አለ፤ ባይቱን ለኢንፑትስትሪምሪደር አስረክቦ ከእሱ ፊደል መቀበል ነው። ይህ ክላስ ያልተሟላችውን ፊደል ባይቶች ይዞ ቀሪው እስኪመጣ ይጠብቃል። ሲፈጠር ግን ዩቲኤፍ 8 መሆኑን በግልጽ መንገር ያስፈልጋል። በ2022 ከወጣው ጃቫ 18 ወዲህ ካልተነገረው ዩቲኤፍ 8ን ይወስዳል፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ስሪቶች ግን ምርጫው በኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ላይ የተንጠለጠለ ስለነበር፣ በሊኑክስ ላይ ያማረው የአማርኛ ጽሑፍ በምዕራብ አውሮፓ ቋንቋ በተዘጋጀ ዊንዶውስ ላይ እያንዳንዱ ፊደል ወደ ባዕድ ምልክቶች ተለውጦ ሊገኝ ይችል ነበር። በየመሥሪያ ቤቱ ገና በጃቫ 8 የሚሠሩ ብዙ ፕሮግራሞች ስላሉ ጉዳዩ ያለፈ ታሪክ አይደለም።

የክላሱ ባለቤቶች ጉድለቱን ከዓመታት በኋላም ቢሆን ማቃለላቸው ሊመሰገን ይገባል። በ2017 የወጣው ጃቫ 9 ስትሪሙን እስከ መጨረሻው አንብቦ በአንድ አሬይ የሚመልሰውን «ሪድኦልባይትስ»፣ የተጠየቀው ቁጥር እስኪሞላ ወይም ስትሪሙ እስኪያልቅ ደጋግሞ የሚያነበውን «ሪድኤንባይትስ» እና ስትሪሙን በሙሉ ወደ አውትፑትስትሪም (ባይት ወደሚጽፈው አቻ ክላስ) የሚገለብጠውን «ትራንስፈርቱ» አመጣ። ከላይ ያሳየሁት የቅጂ ስሕተት በ«ትራንስፈርቱ» በአንድ መስመር ኮድ ይወገዳል። «ሪድኦልባይትስ» ግን ልኩ በታወቀ ነገር ላይ ብቻ ይዋል፤ ከማይታወቅ ተጠቃሚ የሚመጣን ስትሪም በእሱ ማንበብ የሰርቨሩን ሜሞሪ ለላኪው ፈቃድ አሳልፎ መስጠት ነው። እኔ የምመርጠው፣ የሚፈቀደው ከፍተኛ መጠን ላይ አንድ ጨምሮ በ«ሪድኤንባይትስ» መጠየቅ ነው፤ ያ ተጨማሪ ባይት ከመጣ ፋይሉ ከልክ በላይ ነውና አለመቀበል ይቻላል። ርዝመቱ የተወሰነ ራስጌ ለማንበብ ደግሞ ከመጀመሪያው ስሪት ጀምሮ ያለው የዳታኢንፑትስትሪም «ሪድፉሊ» ዛሬም ይሻላል፤ «ሪድኤንባይትስ» ባይቱ ካነሰ በዝምታ አሳጥሮ ሲመልስ «ሪድፉሊ» ግን ኤክሴፕሽን ያነሣል።

ስለ መዝጋት ብዙ ማለት አያስፈልግም። በ2011 በጃቫ 7 የመጣው፣ ስትሪሙን በትራይ (try) ቅንፍ ውስጥ ከፍቶ በራሱ እንዲዘጋ የሚያደርገው አጻጻፍ ጉዳዩን ጨርሶታል፤ የውጪው መጠቅለያ ሲዘጋ የውስጡም ይዘጋል። ይህን የማይጠቀም ሰርቨር ክፍት ፋይሎቹ እየተከማቹ የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ገደብ ላይ ሲደርሱ አዲስ ፋይልም አዲስ ግንኙነትም መክፈት ይሳነዋል።

በንድፉ ላይ የቀረኝ ቅሬታ ወላጁ ክላስ ልጆቹ ሁሉ የማይፈጽሙትን ሜተድ መሸከሙ ነው። የንባቡን ቦታ የሚያስታውሰው «ማርክ» እና ወደዚያ የሚመልሰው «ሪሴት» በኢንፑትስትሪም ላይ ተጽፈዋል፣ ፋይልኢንፑትስትሪም ግን አይደግፋቸውም፤ ተጠቃሚው ይህን የሚያውቀው ጠይቆ ወይም ኤክሴፕሽን ገጥሞት ነው። የራሱን ንዑስ ክላስ የሚጽፍም ከወላጁ የሚወርሰው የአሬይ ንባብ ነጠላውን «ሪድ» ለእያንዳንዱ ባይት የሚጠራ ቀርፋፋ መሆኑን፣ ከመጀመሪያው ባይት በኋላ የሚነሣን አይኦኤክሴፕሽን (የንባብ ስሕተት ማስታወቂያ) ደግሞ እንደ ስትሪም ማብቂያ ቆጥሮ እስከዚያ ያነበበውን ብቻ እንደሚመልስ ሊያውቅ ይገባል። ስለዚህ ያንን ሜተድ ራሱ እንደገና ቢጽፈው ይበጃል።

ይህ ክላስ ድክመቱን ለማጋለጥ የሚያስፈልገውን መሣሪያም ራሱ ይሰጣል። ሌላ ስትሪም የሚጠቀልለውን ፊልተርኢንፑትስትሪምን የሚወርስ ትንሽ ክላስ ጽፎ፣ አሬይ የሚሞላውን «ሪድ» ምንም ያህል ቢጠየቅ ከአንድ ባይት በላይ እንዳይሰጥ ማድረግ ይቻላል፤ ሥራው ጥቂት መስመር ብቻ ነው። ማንኛውም ባይት የሚያነብ ኮድ ወደ ሥራ ከመግባቱ በፊት በዚህ ስትሪም በኩል አንድ ገጽ የአማርኛ ጽሑፍና አንድ የጄፔግ ፎቶ ቢያልፍበት፣ ከፊል ንባብን ያልጠበቀው፣ ፊደል የሚሰብረውና የተመለሰውን ቁጥር የረሳው ኮድ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ይታያል።