ለትንሽ መድረክ ዲመር ፍለጋ በአዲስ አበባ

ከአሜሪካ ወደ አገር ቤት የምትመጡና «ለቴአትር ልጆች አንድ ነገር ይዤ ልሂድ» የምትሉ፣ ዲመር (የመድረክ መብራት ማፍዘዣና ማድመቂያ) ሻንጣ ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። አሜሪካ ውስጥ ባለ 4 ቻናል ትንሽ ዲመር ፓክ፣ ማለትም አራት የመብራት መስመር ለየብቻ የሚያፈዝ ሳጥን፣ ከ100 እስከ 200 ዶላር ይገኛል። ዋጋው ያጓጓል። ግን እዚያ ሱቅ ላይ የሚታየው አብዛኛው ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፤ የእኛ ሶኬት 220 ነው። ትራንስፎርመር ይጨመርበታል የሚል አይጠፋም። ይቻላል፣ ግን አምፖሎቹም የ120 ቮልት መሆን አለባቸው። 3 ሺህ ዋት የሚችል ትራንስፎርመር ደግሞ ብቻውን የሻንጣውን ኪሎ ይጨርሰዋል። አንድ አምፖል ሲቃጠል የ120 ቮልት ምትክ ፍለጋ መርካቶን መዞር ነው። በ220 የሚሠራ ግዙ፣ ወይም አዲስ አበባ ውስጥ ተከራዩ። እኔ ተከራየሁ። የተጠቀምኩባቸውን ባለሙያዎችና አገልግሎቶች ልንገራችሁ።

ሜሪላንድ ውስጥ በሐበሻ ቴአትሮችና በቤተ ክርስቲያን ዝግጅቶች መብራት እሠራለሁ። በጥር አዲስ አበባ ስገባ የእህቴ ልጅ የሚያስተምርበት ትምህርት ቤት የቴአትር ክበብ ተውኔት እያዘጋጀ ነበር። አዳራሹ ትንሽ ነው፤ መድረኩ ከአንድ መማሪያ ክፍል አይሰፋም። ዕቃ ግምጃ ቤቱ ውስጥ ግን ደህና ሀብት አገኘን፦ አቧራ የጠጡ ፓር 64 የመድረክ መብራቶችና ሁለት ፍሬስኔሎች (ጠርዙ ለስላሳ ብርሃን የሚሰጡ ባለ ሌንስ መብራቶች)። ሁሉም ሃሎጅን ናቸው። የጠፋው ዲመሩ ነው።

አዘጋጁ ወጣት «እትዬ፣ ይሄን አሮጌ ነገር ትተን ኤልኢዲ ብንከራይስ?» አለኝ። ጥያቄው ትክክለኛ ነው። ከባዶ የሚነሳ ቡድን ዛሬ ዲመር ባይገዛ ይሻለዋል። ኤልኢዲ ፓር መፍዘዣው ውስጡ ነው፤ ኃይሉን በቀጥታ ከሶኬት፣ ትዕዛዙን ከኮንትሮለሩ በዲኤምኤክስ (የመብራት መቆጣጠሪያ) ገመድ ይወስዳል። ኤልኢዲ ፓርም ሆነ ሙቪንግ ሄድ (ራሱን የሚያዞር መብራት) በፍጹም ዲመር ፓክ ላይ አይሰካም። ፓኩ ኤሌክትሪኩን እየቆራረጠ ስለሚሰጥ የመብራቱን ፓወር ሰፕላይ ያበላሻል። ይህን የማያውቁ አከራዮች ስላጋጠሙኝ ነው ጠበቅ አድርጌ የምናገረው።

እኛ ግን ሃሎጅኑን ያዝን። አንደኛ ነፃ ነው። ሁለተኛ፣ ርካሽ ቀይ አረንጓዴ ሰማያዊ ኤልኢዲ የእኛን ፊት አመድ ያስመስለዋል። የጠይም ሰው ፊት ላይ ያለው ሙቀት ይጠፋል። ነጭ ነጠላ ደግሞ ሰማያዊ ይመታል፤ ጥለቱ ቀለሙን ይቀይራል። ሃሎጅን ሲፈዝ ወደ ወርቃማ፣ ከዚያ ወደ ፍም ቀለም ይሄዳል። እናትየዋ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ የምታለቅስበትን ትዕይንት በዚያ ብርሃን ያየ ሰው ኤልኢዲ አይጠይቅም። አዘጋጁም ካየ በኋላ አልጠየቀም።

መጀመሪያ የደወልነው ቦሌ አካባቢ ያለ ትልቅ አከራይ ጋ ነው። የሠርግና የኮንሰርት ዕቃ አላቸው፤ መብራት የሚሰቀልበት ብረት፣ ስክሪኑ፣ ጭሱ ሁሉ። ስልክ ያነሳችው ልጅ ትሁት ነበረች። ግን ሁለት ትንንሽ ፓክ ብቻ ማከራየት አይፈልጉም፤ ሙሉ ጥቅል ውሰዱ ነው የሚሉት። ለትንሽ ቡድን አይሆኑም።

ሁለተኛው 22 አካባቢ ጓሮ ውስጥ የሚሠራ ወጣት ነው። ባለ 4 ቻናል ዲመር ፓኮች አሉት፣ አንድ ትንሽ ኮንትሮለርም አለው። ቀብድና መታወቂያ ያዘ። ዋጋውን በቀን ሳይሆን «በዝግጅት» ተነጋገሩ፤ ለሦስት ምሽት በቀን ከተቆጠረ ይከብዳል። ድርድሩን ደግሞ የአገር ቤቱ ሰው ይምራው። የእህቴ ልጅ ብቻውን ሲደውል የተነገረው ዋጋና እኔ አብሬ ስሄድ የተነገረው አንድ አልነበረም።

ይህን ልጅ የወደድኩት ዕቃውን እንድፈትን ስለፈቀደ ነው። ዲመር በስክሪኑና በመልኩ አይመረጥም። 1000 ዋት ፓር ይዘን ሄደን እያንዳንዱን ቻናል ላይ ሰካነው። መጀመሪያ የማየው ታችኛውን ነው። ከዜሮ ወደ ላይ ቀስ ብዬ ስገፋ ብርሃኑ እንደ ንጋት ከመጣ ደህና ነው። ድንገት ዘሎ ከበራ ወይም ከተንቀጠቀጠ ያ ቻናል ለስሜታዊ ትዕይንት አይሆንም። ቀጥሎ ዋናውን ስፒና ነቅዬ መልሼ እሰካለሁ። አንዳንድ ርካሽ ፓኮች የራሳቸው ጭፈራ ፕሮግራም አላቸው፤ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ትዕዛዝ መጠበቃቸውን ትተው እሱን ይጀምራሉ። ቀብር ላይ መብራቱ ሲጨፍር አስቡት። እሱ ጋ ከነበሩት አንዱ እንዲህ ስላደረገ ተውነው። ሌሎቹ መልሼ ስሰካቸው በነበሩበት ብርሃን ቀጠሉ።

ማራገቢያ የሌለውን መረጥኩ። ትንሽ አዳራሽ ውስጥ የማራገቢያ ድምፅ እስከ ሦስተኛው ረድፍ ይሰማል፤ የአዲስ አበባ አቧራም ቶሎ ይገድለዋል። በቆርቆሮ ክንፎቹ የሚቀዘቅዘው ይሻላል፤ ግን መጋረጃ እንዳይነካውና አየር እንዲያገኝ አድርጋችሁ ስቀሉት።

ከዚያ ሂሳቡ። ብዙ ትንንሽ ፓኮች ላይ በቻናል 5 አምፔር ይላል። በ220 ቮልት 1100 ዋት ማለት ነው። ስለዚህ 1000 ዋት ፓር 64 በአንድ ቻናል አንድ ብቻ፤ 4.5 አምፔር ይወስዳል። 650 ዋት ፍሬስኔል 3 አምፔር ያህል ነው። ሰው የሚሳሳተው አራት ቻናል ስላለ አራት ፓር እሰካለሁ ሲል ነው። አራቱ ከ18 አምፔር ያልፋሉ፣ ባለ 16 ሶኬት ደግሞ አይችላቸውም። ሦስት ፓር፣ 13.6 አምፔር፣ በቃ። አራተኛው ቻናል ከሌሎቹ ሁለቱ በጣም በፈዘዙበት ትዕይንት ብቻ ይሠራል፤ ይህን ኮንትሮለሩን የሚነካው ልጅ ማወቅ አለበት።

ዕቃው ዘግይቶ ነው የመጣው። ጠዋት የተባለው ዳማስ ከሰዓት በኋላ ደረሰ። ከመጡት ገመዶች የአንዱ ስፒና የመሬት ሽቦ አልነበረውም፤ ተቆርጦ በፕላስተር ተጠቅልሏል። የፓኩ ሳጥን ብረት ነው፣ ልጆች ይነኩታል። መልሰን ላክነው። ልጁ ሳይከራከር ሌላ ላከ፣ ግን ያ ገመድ ከመደርደሪያው መውጣት አልነበረበትም። የትም ብትከራዩ ስፒናውን ፈትታችሁ እዩ።

ኤሌክትሪሽያኑ የዚህ ጉዞ ምርጥ ሰው ነው። ትምህርት ቤቱ የሚያውቀው የሰፈር ባለሙያ ነው። የአዳራሹን ብሬከር ሳጥን ከፍቶ አየና «እነዚህ ሶኬቶች በ1.5 ሽቦ ነው የተዘረጉት፤ የእናንተን መብራት አይሸከሙም» አለ። ከዋናው ሳጥን በወፍራሙ፣ በ2.5 ሽቦ ሁለት አዲስ መስመር እስከ መድረኩ ጎን ዘረጋ፣ ለእያንዳንዱ ፓክ የራሱን ባለ 16 ብሬከር ሰጠው። ዲቫይደር ላይ ዲቫይደር መሰካት ቀረ። ቮልቱንም ለካልን። ከሰዓት በኋላ ከ230 በላይ ነበር፤ ማታ ሰው ሁሉ ምድጃ ሲያበራ ከ200 በታች ወረደ። ሃሎጅን አምፖል ከተጻፈበት ቮልት 5 በመቶ ብቻ ከፍ ቢል ዕድሜው ወደ ግማሽ ይወርዳል። ስለዚህ በልምምድ ጊዜ ከ90 በመቶ በላይ አንገፋም ተባባልን። በዓይን ልዩነቱ አይታይም፣ አምፖሉ ግን ይተርፋል።

በአጠቃላይ ልምምዱ ዋዜማ የአንዱ ፓክ ሦስተኛ ቻናል አልጠፋ አለ። ኮንትሮለሩ ዜሮ ላይ ነው፣ መብራቱ ቦግ ብሎ ቀርቷል። ይህ ብዙ ጊዜ ትራያኩ፣ ማለትም ፓኩ ውስጥ ኤሌክትሪኩን የሚቆርጠውና የሚለቀው ክፍል፣ ሾርት ማድረጉ ነው። አምፖል ሲቃጠል በሚፈጠረው የቅጽበት ሾርት ትራያኩ አብሮ ይሄዳል። አከራዩ ምትክ አልነበረውም። ፓኩን ይዘን መርካቶ ወረድን።

የሬዲዮና የአምፕሊፋየር ጥገና የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ጋ መሩን። ሱቃቸው ለሁለት ሰው አይበቃም። «ጋሼ፣ ነገ ማታ ዝግጅት አለን» አልኳቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ሳጥኑን ፈቱ። ውስጡ አራት ትራያኮች ተደርድረዋል፣ እያንዳንዱ በአንድ ብሎን ከአሉሚኒየሙ ጋር ተጣብቋል። በመልቲሜትራቸው ሦስተኛውን ነካ አደረጉና ጢጥ ሲል ሰማነው። «ሞቷል» አሉ። መሳቢያቸው ውስጥ ከአሮጌ ቦርድ የተነቀሉ ክፍሎች በሲጋራ ፓኮ ተለይተው ተቀምጠዋል። ቢቲኤ 16 የሚል አወጡ፤ 16 አምፔር፣ 600 ቮልት። የድሮውን በሶልደር አቅልጠው አወጡ፣ አዲሱ ሥር ነጩን የሙቀት ቅባት ቀቡ፣ ብሎኑን አጠበቁ። ፓኩን ወዲያው ሶኬት ላይ አልሰኩም። መጀመሪያ ባለ 100 ዋት የድሮ አምፖል በመስመሩ መሃል አስገብተው አበሩት። ሾርት ቢኖር አምፖሉ ቦግ ይልና ፓኩ ይተርፋል። አልበራም። «በሉ ሂዱ።» የጠየቁን ገንዘብ ለሥራው በጣም ትንሽ ነው፤ ጨምረን ሰጠን።

ከመሄዳችን በፊት ያሉኝ ነገር ዲመር የምመርጥበትን መንገድ ቀይሮታል። ጥግ ላይ ሌላ፣ ከእኛው የበለጠ ቆንጆ ፓክ ነበር፣ ሰው አምጥቶት የተወው። «ልጄ፣ ያንቺው ብሎን ነው። ይሄኛው ሙጫ ፈሶበታል፤ ብከፍተውም ውስጡን አላየውም።» ኃይል የሚቆጣጠረው ክፍል በጥቁር ሙጫ የተደፈነ ነው። ሲሞት ሙሉ ቦርዱን መቀየር ነው፣ ቦርዱ ደግሞ አገር ውስጥ የለም። ስለዚህ አሁን ዲመር ስገዛ ሁለት ዋጋ እጠይቃለሁ፦ የመግዣውንና ሲበላሽ ማን እንደሚከፍተው። ለአዲስ አበባ ትንሽ መድረክ የተለመደ ትራያክ በብሎን የታሰረበት፣ ፊውዙ ከውጭ በእጅ የሚቀየር ተራ ፓክ ከየትኛውም ዘመናዊ ነገር ይበልጥብኛል።

ስለ ድምፅ ባጭሩ። ተውኔቱ ውስጥ ማሲንቆ አለ። መብራቱ ግማሽ ላይ ሲሆን የማሲንቆው ማይክ ይነዝራል። ዲመር ሞገዱን እየቆረጠ ስለሚሠራ ጫጫታው በገመድ ይተላለፋል፣ ከፍተኛው ደግሞ ግማሽ አካባቢ ነው። ድምፁን በሌላ መስመር ሰካን፣ የማይኩን ገመድ ከመብራቱ ገመድ አርቀን በሌላኛው ግድግዳ አዞርነው፣ መገናኘት ግድ በሆነበት ቦታ አቋርጦ እንዲያልፍ እንጂ ጎን ለጎን እንዳይሄድ አደረግን። ንዝረቱ ጠፋ ማለት ይቻላል።

ዲኤምኤክስ እ.ኤ.አ. በ1986 ከወጣ ጀምሮ ደረጃው ባለ 5 ፒን ነው፤ ርካሾቹ ግን ባለ 3 ፒን ይጠቀማሉ። መቀየሪያ ካላችሁ ያዙ፣ ቦታ አይፈጅም። እያንዳንዱ ፓክ አራት ቻናል ስላለው የመጀመሪያውን ፓክ አድራሻ 1፣ ሁለተኛውን 5 አድርጉ። በመስመሩ መጨረሻ ፒን 2 እና 3 መካከል 120 ኦም ሬዚስተር አስገቡ። መርካቶ ውስጥ በሳንቲም ይገኛል።

ሁለተኛው ምሽት ላይ መብራት ጠፍቶ በትምህርት ቤቱ ጄኔሬተር ግማሽ ሰዓት ሠራን። የጄኔሬተሩ ፍጥነት ሲዋዥቅ ዲመሩም ይዋዥቃል። ዋናውን መብራት ወደ 60 በመቶ ዝቅ አድርገን ጭነቱን ስናቀልለት ረጋ።

ክበቡ አሁን የራሱን ሁለት ፓክ መግዛት ይፈልጋል። ከዱባይ ወይም ከአውሮፓ የምትመጡ፣ የምታመጡት በ220 እስከ 240 ቮልት፣ በ50 ኸርዝ የሚሠራ፣ በቻናል ቢያንስ 5 አምፔር የሚችል ይሁን። እንግሊዝ የምትኖሩ ስፒናውን እዚያው አስቀይሩ፣ የእናንተ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር እዚህ አይገባም። የግዢ ደረሰኙን አትጣሉ፤ አዲስ ካርቶን ውስጥ ያለ ዕቃ ቦሌ ላይ ጥያቄ ያስነሳል። ከተቻለ አራት ትርፍ ትራያክና አንድ ፓኮ ፊውዝ ጨምሩበት።