ጋርዲዮላ ወይስ አንቼሎቲ፦ ኮከብ የሞላውን ቡድን ለማን ትሰጡታላችሁ?

በእግር ኳስ ጎበዝ ተጫዋች መሰብሰብ ብቻውን ዋንጫ አያመጣም፤ አሰልጣኝ ይፈልጋል። ግን ምን ዓይነት? እንደ ጋርዲዮላ ወይስ እንደ አንቼሎቲ?

ጊዜ
ጋርዲዮላ፦ ትዕግስት ይጠይቃል። ማንቸስተር ሲቲን በያዘበት የመጀመሪያ ዓመት ባዶ እጁን ቀረ፤ በሁለተኛው ፕሪሚየር ሊጉን በ100 ነጥብ ወሰደው።
አንቼሎቲ፦ እ.ኤ.አ. በ2013 ሪያል ማድሪድ ገባ፣ በ2014 ቻምፒየንስ ሊጉን በላ።

ተጫዋች መለወጥ
እዚህ ላይ ለእኔ ጋርዲዮላ ይበልጣል። በ2009 ባርሴሎናን ሲያሰለጥን ሜሲን ከክንፍ አንስቶ መሀል አጥቂ አደረገውና ወደ ኋላ እየተሳበ እንዲጫወት ሲያዘው የማድሪድ ተከላካዮች ማንን እንደሚይዙ ጠፋቸው፣ ጨዋታውም በማድሪድ ሜዳ በርናባው ላይ በባርሴሎና 6 ለ 2 አሸናፊነት አለቀ። በ2023 ደግሞ ተከላካዩን ስቶንስን አማካይ አድርጎ ከሲቲ ጋር የቻምፒየንስ ሊጉን ዋንጫ አነሳ።
አንቼሎቲም ቀላል አይደለም፤ የክንፍ ተጫዋቹን ዲ ማሪያን መሀል ያስገባው እሱ ነው።

ስጋት
ጋርዲዮላ፦ ከአጨዋወቱ ጋር ያልተስማማ ኮከብ ይወጣል። ኢብራሂሞቪች ባርሴሎና የቆየው አንድ ዓመት ነው።
አንቼሎቲ፦ ለተጫዋቾቹ የሚሰጠው ነፃነት ሲበዛ ቡድኑ ይላላል። ባየርን ሙኒክ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2017 አሰናብቶታል።

ወጣቶች ካሏችሁና ቦርዱ የሚታገስ ከሆነ ጋርዲዮላን። መልበሻ ክፍሉ በትልልቅ ስሞች ከተሞላና ዋንጫው ዘንድሮ ከተፈለገ፣ ያለ ጥርጥር አንቼሎቲን።